ምትክ

ሲሞት ጭስ አልወጣው፣ ሽታም አልነበረው፤
ኤዴልያ ብቻ ቁልፉን ስታዞረው
ጣቢያው አልሄደላት፤ ቆመ ባንድ ቦታ
እንደ ግትር በቅሎ፣ ሐሙስ ወደ ማታ።

አቻኦ ላይ ዝናብ ዓመቱን ይዘንባል፣
ቤቷ በእንጨት እግሩ ባሕር ላይ ይቆማል፤
ሰባ ሊሞላት ነው፤ የጀልባ ሞተር
ስትፈታ፣ ስትገጥም
ዕድሜዋን የፈጀች፤ ብረት አይዋሻትም።

ቫራክተር ማለት የስንዴ ፍሬ አክሎ፣
ቮልት ወደ ኋላ ሲገፋው፣ እሺ ብሎ
ሆዱ ውስጥ ያለውን ክፍተት የሚያሰፋ፤
ክፍተቱ ሲሰፋ
ሞገዱን ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ የሚገፋ።
ይኸው ነው ሥራው ሁሉ፤ ይኸው ነው የጠፋ።

ፖርቶ ሞንት ደወለች። ያ የድሮው ሱቅ
ዛሬ የስልክ ሽፋን ነው የሚቸረችረው።
"ፋብሪካው ትቶታል" አላት ልጁ፣ "ድሮ ነው፣
እኔ ሳልወለድ።" ደግሞም ሳቀ። ዘጋችው።

እንግዲህ ምትክ ነው። ሣጥኗን ገለበጠች፤
መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ባለ ብር ቀለበቱን፣
ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት የሚያቀናውን
ጉልበተኛ በየደች።
በሩን ገፋ እንጂ አልከፈተም፤
ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያዞሩት የትም አልደረሰም።
ሁለት፣ ሦስት አድርጋ ጎን ለጎን ጠመደች፣
ሬዲዮው ከባንዱ ወርዶ ገደል ገባ።
ከሞተ ቴሌቪዥን ዜነር ነቀለች፤
ዓሣ እንደጣሉበት ዘይት ተንጫጫባት።
ትራንዚስተር አንድ እግሩን ቆርጣ አቆመችው፤
ሲያነክስ አመሸና ብርዱ ጠዋት ጣለው።

ካልጋው ሥር የልጅ ልጇ የሮሚልዮ ጫማ፣
ሲረግጡት ተረከዙ ቀይ የሚያበራ፣
ጠቦት የተጣለ። በቢላ ከፈተችው፤
አንዲት ቀይ ጠብታ።
ጀርባዋን ለቮልቱ ሰጥታ አሰረቻት፤
እንዲህ ሲይዟት አትበራም፣
ክፍተቷን ታቅፋ ጨለማ ላይ ትቆማለች።
ቁልፉን አዞረች፤ ሄደ! ከዳር እስከ ዳር፣
እንደተሳለ ማረሻ በእርጥብ ዐፈር።

ማለዳ አሥራ ሁለት ላይ ግሊሴሪዮ አለ፣
ከሰላጤው ማዶ፣ ሜሊንካ፣ ከተራራ ሥር፤
በነጥብና በሰረዝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣
ስለ ዓሣ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ይጫወታሉ።
በሦስተኛው ቀን "ድምፅሽ ወረደ" አላት።
እሷን! ካለበት የሚንሸራተት ጣቢያ
ከሰካራም አትለየውም፤
ይህን ከመስማት ጥርስ ማስነቀል ይቀላታል።

ጥቅል ሽቦውን በሰም አሸገች፣
ባትሪ ለወጠች፣ ምድጃውን ወቀሰች፤
አሁንም ሲነጋ ድምፁ ይወርዳል፣
ደመና ሲያልፍ ሽቅብ ይነሣል።
ካቻቪቴ ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ
ጥላዋ ቀይዋ ላይ ሲያርፍ አፏጨ።
ያኔ ገባት። ብቻዋን ሳቀች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል እኛ ዘንድ።
የኤዴልያም ዳዮድ ብርሃን አርግዛ ነበር የመጣችው፤
ማብራት ቢከለክሏት
ማየቱን ማን ያስጥላት?

የልጇን የጥፍር ቀለም፣ ጥቁሩን፣ ሁለቴ ቀባቻት።
ድምፁ እንደ ችካል ጸና።

በማግሥቱ ግሊሴሪዮ ቀስ ብሎ መታ፦
"ጸንተሻል። ደህና ነው።" ዝም አለ። ቆይቶ፦
"ዛሬ ግን እዚያ አልነጋም እንዴ?
እኔ ጋ ተራራው ፀሐይን እስከ አራት ሰዓት ይይዛታል፤
መውጣቷን የማውቀው ባንቺ ድምፅ ነበር።"

መልስ አልሰጠችውም። "ሰባ ሦስት" ብላ፣
በነሱ ቋንቋ ደህና ሁን ማለት ነው፣ ዘጋች።
ከዚያ መነጽሯን አደረገች፣ ምላጭ አነሣች፣
ከጥቁሩ ቀለም አንዲት ጭረት ፋቀች፣
ጤፍ የማታሳልፍ።

ለራሷ ግን እንዲህ አለች፦
"ርካሽ ቀለም ነው። ይላጣል።"